ኔትወርክ በጠመኔ

አስራ ሁለት አዲስ ኮምፒውተር ከነካርቶኑ ስቶር ውስጥ ተደርድሮ እኔ ኔትወርክ በጠመኔ አስተምር ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን እስልና «ይህ ስዊች ነው» እላለሁ። ስዊች ማለት ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ከሳጥኑ ስምንት መስመር አወጣለሁ፤ በየጫፋቸው ሌላ አራት ማዕዘን እስላለሁ። «እነዚህ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ናቸው።» ሰላሳ አንድ ሰልጣኝ አጎንብሶ ይገለብጣል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ሰልጣኝ ማስመሪያ አውጥቶ መስመሮቹን ቀጥ ሲያደርግ አየሁና ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ኮምፒውተር ጠጋኝ እንዳወጣ ተቀጥሬ ሰዓሊ እያወጣሁ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሶዶ ነው። ቤት ውስጥ ወላይትኛ፣ ቢሮና ገበያ አማርኛ፣ ደብተር ላይ እንግሊዝኛ። ዲግሪዬን ይዤ ከተማው ዳር ባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስቀጠር ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ኮምፒውተር ከምናስተምረው መሃል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘመኑ ሁሉም ነገር «ትራንስፎርሜሽን» የሚባልበት ነው። የትምህርት ክፍል መባሉ ቀርቶ የስራ ሂደት፣ ተማሪው ሰልጣኝ፣ አስተማሪው አሰልጣኝ ሆነ። አምስት አምስት ሆነን ተደራጅተን በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን። ስሙ ሁሉ ተለወጠ፤ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራው፣ ላቡ፣ ግን ያው ነው።

ሰልጣኙ ትምህርቱን ስለጨረሰ ብቻ ሙያተኛ አይባልም። ከውጭ በሚመጡ መዛኞች ፊት በተግባር ይፈተናል። «ብቁ» ከተባለ የብቃት ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል፤ «ገና ብቁ ያልሆነ» ከተባለ ያለ ወረቀት ይቀራል። ያ ወረቀት ከሌለ ደግሞ የስራ ማስታወቂያ ስር ቆሞ ማንበብ እንጂ መመዝገብ የለም። አሰልጣኙም አይቀርለትም፤ ደረጃ ሶስት የሚያስተምር ደረጃ አራትን ተመዝኖ ማለፍ አለበት። ባልደረቦቼ «ዲግሪ ይዘን እንደ ተማሪ እንፈተን?» ብለው አጉረመረሙ። እኔ አላጉረመረምኩም። ኮምፒውተር በየዓመቱ ይለወጣል፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነገር ገና ደመወዝ ሳልለምድ ነው ያረጀብኝ። ፈተናው ልክ ነው። ያናደዱኝ፣ ዛሬም የሚያናድዱኝ፣ መማሪያውን ቆልፈው ፈተናውን የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው።

የነበረን ላብ ዘጠኝ ኮምፒውተር ነበረው። የሚሰሩት አምስቱ ናቸው፤ እነሱም ሲነሱ እንደ ወፍጮ ያጓራሉ። በላያቸው የተጫነው ዊንዶውስ ከሰልጣኞቼ አንዳንዶቹ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የወጣ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ አንድ አይሱዙ ግቢ ገብቶ አስራ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁለት ስዊችና አንድ ትልቅ ጥቅል ኬብል ሲያራግፍ ሰልጣኞቼ ሳይጠሩ ሮጠው አወረዱ። ካርቶኖቹን እንደ እንቁላል ነበር የያዟቸው። ያወረዱትን እቃ መልሰው ያዩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ስቶር ኪፐሩ ጡረታቸው የተቃረበ፣ የሸሚዝ ኪሳቸው ከሶስት እስክርቢቶ ጎድሎ የማያውቅ ሽማግሌ ነበሩ። በሳምንቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሮቹን መቼ ልውሰድ?»

«ሞዴል አስራ ዘጠኝ አልተቆረጠም፣ ልጄ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ንብረት ገቢ የሚሆንበት ደረሰኝ ነው። ገቢ ያልሆነ ወጪ አይሆንም። ገቢ እንዲሆን የርክክብ ኮሚቴው ካርቶኑን ከፍቶ አይቶ ሶስቱም መፈረም አለባቸው።»

«ታዲያ አይፈርሙም?»

«ሁለቱ አሉ። ሶስተኛው ወደ ሻንቶ ተዛውሯል። በምትኩ ሰው በደብዳቤ የሚመድብ ዲኑ ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። «አንቺ ጥያቄሽን በጽሁፍ አቅርቢ። በቃል የተባለ ነገር ነፋስ ነው።»

በጽሁፍ አቀረብኩ። ጥቅምት ላይ ደገምኩ፤ ህዳር ላይ ደገምኩ፤ ከዚያ በኋላም አላቋረጥኩም። እያንዳንዷን ወረቀት ተቀብለው ቁጥር ይሰጧታል፤ ከዚያ ምንም አይሆንም። በልቤ እሳቸውንም እረግም ነበር። የሞዴል አምላኪ እላቸው ነበር ለብቻዬ።

ዲኑን ያኔ አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አልሰጠውም። ቢሮው ገብቼ ደብዳቤዋን ጻፍልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ሶስት መስመር ብቻ ናት።

«ይደረሳል» አለኝ። «ምን ያስቸኩልሻል? እቃው አዲስ ነው። ሰልጣኝ እጅ ከገባ በሁለት ወር ያረጃል። ከክልል ጎብኚ ሲመጣ ምን ልናሳይ ነው?»

«ሰልጣኞቹን።»

«ሰልጣኝ አይቆጠርም» አለ እየሳቀ። «የሚቆጠረው ንብረት ነው።»

ቀልድ መስሎት ነበር። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ታህሳስ ላይ ሀዋሳ የሚሰጥ የሁለት ሳምንት የኔትወርክ ስልጠና መጣ። የዲኑ ጸሐፊ ወዳጄ ስለነበረች ደብዳቤውን አሳየችኝ። «ኮርሱን በማስተማር ላይ ያለ አንድ አሰልጣኝ» ይላል፤ ከዚህ በላይ ግልጽ አማርኛ የለም። ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀመርኩ። ሰኞ ዕለት ግን መኪና ተሳፍሮ የሄደው የጽህፈት አስተማሪው ነው። የአምስት ሰው ቡድናችን መሪ እሱ ነበር፤ ሪፖርት አሳምሮ ይጽፋል፣ ስብሰባ ላይ አያንቀላፋም። ኔትወርክ የሚለውን ቃል ከስልኩ ጋር ካልሆነ በሌላ ነገር አያውቀውም። ሲመለስ ጥቁር ቦርሳና አንድ ወፍራም የስልጠና መጽሐፍ ይዞ መጣ።

«ለአንድ ሳምንት አውሰኝ» አልኩት።

«ለስራ ሂደቱ በአጭሩ ሪፖርት አቀርባለሁ» አለኝ።

ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነበር። ግማሹ ስልጠናው በሰላም መጠናቀቁን ይገልጻል። መጽሐፉ መሳቢያው ውስጥ ተቆለፈበት።

ለኔ ትምህርት የከፈተልኝ መንግስት ሳይሆን አንድ ነጋዴ ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ ከስልጤ የመጡ ቤተሰብ ሱቅ ነበር፤ አባትየው ጨርቅ ይነግዱበት የነበረውን ልጅየው ወደ ስልክ፣ ቻርጀርና ኬብል ቀይረውት ከጓዳ ስድስት ኮምፒውተር ደርድረው ኢንተርኔት ከፍተው ነበር። ልጅየው ስል እሳቸውም ሃምሳ አልፏቸዋል፤ ከተማው ሁሉ ሃጂ ይላቸዋል። አንድ ቀን ኢሜይሌን ለማየት ሄጄ ከባንኮኒው ስር አቧራ የጠጣ ስዊች አየሁ። የሚናፍቁትን ሰው ድንገት መንገድ ላይ እንደማግኘት ነበር።

«ሃጂ፣ ይቺን ሳጥን ልነካካት?»

«ተበላሽታለች። ሁለት ቀዳዳዋ አይሰራም።»

«የሚሰራው ይበቃኛል። ልማርባት ነው።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺ እዚያ ላይ የምታስተምሪው አይደለሽም እንዴ?»

ፊቴ ጋለ። «አስተምራለሁ። ያላየሁትን ነው የማስተምረው።»

ሃጂ አልሳቁም። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰው የለም። ያኔ ነይ። ስታበላሺ ግን አትደብቂኝ።»

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ክፍል በሌለኝ ቀን ሁሉ እዚያ ነኝ። የኢንተርኔት መስመሩ ቀርፋፋ ስለነበር አንድ የማስተማሪያ ጽሁፍ እስኪወርድ ሃጂ ሰግደው ይመለሳሉ። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቤት አነባለሁ፤ በማግስቱ ስዊቿ ላይ እሞክራለሁ፤ ሳይሆን ሲቀር እንደገና አነባለሁ። ኮምፒውተሮቻቸውን ሁለቴ ከኢንተርኔት አውጥቻቸዋለሁ፤ ሁለቴም አልደበቅሁም፤ ሁለቴም አስተካክያቸዋለሁ። በዚያ ጓዳ በሁለት ወር የተማርኩትን ያህል ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም። በዚህ መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ዳገቱን ስመለስ የሚሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር። ስቶሩ አጠገብ አልፋለሁ፤ በመስኮቱ ሽቦ በኩል ካርቶኖቹ ይታያሉ፤ ላያቸው ላይ ድመት ትተኛለች።

የካቲት ላይ ሃጂን አስፈቅጄ ሰልጣኞቼን አራት አራት እያደረግሁ መውሰድ ጀመርኩ። ከሁሉም ጎበዟ ዲምቱ ከምትባል የወረዳ ከተማ የመጣችው ሴት ነበረች። ሰላሳ ሶስት ዓመቷ ነው፤ በእድሜ ታላቄ ናት። ሁለት ልጆቿን እናቷ ጋር ትታ ሶዶ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ዓርብ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ ሰኞ ማለዳ ቦይና የሚባለውን ስራስርና የበርበሬ ዳጣ በፌስታል ይዛ ትመለሳለች። ከዚያ በፊት ወረዳው ጽህፈት ቤት ጽዳት ሰራተኛ ነበረች። እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደመጣች ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፤

«ቢሮ ውስጥ እሱ ሲሞት ከሶዶ ሰው እስኪመጣ ሁለት ወር ይቀመጣል። አቧራውን የምጠርገው እኔ። ለምን አልሰራውም አልኩ።»

አማርኛዋ የወላይታ አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተርም፣ ሴት ልጇም፣ እናቷም ሁሉም «እሱ» ናቸው። እኔንም ቲቸር ትበለኝ እንጂ እንደ ታናሽ እህቷ ነው የምትቆጣኝ። ወረዳው የኮምፒውተር ቴክኒሺያን መደብ ተፈቅዶለት ክረምት ላይ ማስታወቂያ እንደሚያወጣ ሰምታለች። ወረቀቱን ይዛ ያን መደብ ልትወዳደር ነው ጠቅላላ ሃሳቧ።

የኔትወርክ ኬብል ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለው። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ አይሰራም። ሌሎቹ ከወረቀት እያዩ ይደረድራሉ፤ እሷ ቀለማቱን በወላይትኛ እንደ ቆጠራ እየደገመች ሳታይ ትደረድራቸዋለች። ሽቦዎቹን በጥፍሯ አስተካክላ የፕላስቲኩ ራስ ውስጥ አስገብታ በፒንሳው አንዴ ትጨምቀዋለች፤ አንዴ ብቻ። ሃጂ ከባንኮኒው ሆነው ሲያዩዋት «ወላሂ ይቺ የልብስ ሰፊ እጅ ነው ያላት» አሉ። ከሳምንት በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ኬብል እንድትሰራው ለሷ ሰጧት።

ምዘናው ግንቦት ላይ ሆነ። መዛኞቹ የሚሰራ ዘመናዊ እቃ ከሌለ አንመዝንም ብለው ደወሉ። ስምንት ወር ያልተጻፈችው ሶስት መስመር ደብዳቤ በአንድ ከሰዓት ተጻፈች፤ ሶስተኛ ሰው ተመደበ፣ ተፈረመ፣ ሞዴሉ ተቆረጠ፣ ስቶሩ ተከፈተ። እቃው በአንድ ከሰዓት ሊከፈት የሚችል ኖሯል። ይህን ባየሁ ሰዓት አንድ ነገር ባነሳና ብወረውር ደስ ይለኝ ነበር።

የተፈታኞቹ አሰልጣኝ ፈተና ክፍል አይገባም፤ ደንብ ነው፣ ደንቡም ልክ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹን ከካርቶን አውጥቶ እንዲያዘጋጅ የተመደበው ሀዋሳ የሰለጠነው የጽህፈት አስተማሪ ሆነ። ጠዋት ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከጀርባቸው ቀይ መቀየሪያ አለች» አልኩት። «አንዳንዶቹ ከፋብሪካ 115 ላይ ሆነው ይመጣሉ። የኛ መብራት 220 ነው። ወደ 230 ካልተመለሰች ይፈነዳሉ።»

«ስልጠናው ላይ ሁሉንም አይተናል።»

«አሁን እያት። አንድ ደቂቃ ነው።»

«እህቴ፣ አንቺ እዚህ በር ላይ መቆምሽ ራሱ ጥፋት ነው» አለኝ። «መዛኞቹ ሳያዩሽ ሂጂ።»

ሄድኩ። ከግቢው ጥግ ያለው ባህር ዛፍ ስር ተቀመጥኩ።

ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ሲሆን ጎማ የፈነዳ የሚመስል ድምጽ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ፣ አራተኛ። በመስኮቱ ጭስ ወጣ። ስደርስ ሰልጣኞቹ እያሳሉ ደጅ ወጥተዋል። የዲምቱዋ ሴት ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አየሁት ቲቸር» አለችኝ። «ቀዩን አየሁት። ‹እሱ ልክ አይደለም፣ ልመልሰው› አልኩ። እዚያ ያለው የጽህፈቱ ሰውዬ ‹ሳትታዘዙ እቃ አትንኩ› አለኝ። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ ከፈተው።»

አራት ኮምፒውተር ተቃጠለ፤ ማንም አልተጎዳም። ፈተናው በቀሩት ስምንት ቀጠለ። እቃቸው የተቃጠለባቸው አራቱ ሰልጣኞች «ሌሎቹ ሲጨርሱ ትገባላችሁ» ተባሉ። እስከ ቀትር ጠበቁ፤ እስከ አስር ሰዓት ጠበቁ። የሌሎቹ ተራ ሲያልቅ መሸ፤ መዛኞቹ በማግስቱ ሌላ ከተማ ይጠበቁ ስለነበር መኪናቸው ውስጥ ገቡ። «ይስተካከላል» አሉ። በአስረኛው ቀን ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሽቦ ያልነኩት አራቱ ሰዎች ከስማቸው ትይዩ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተጽፎላቸዋል።

የዲምቱዋ ሴት ስሟን በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ እኔን ሳታይ ወደ ሚኒባስ ተራ ሄደች።

በሳምንቱ እኔም ለራሴ የደረጃ አራት ምዘና ተቀመጥኩ። አለፍኩ። የጽህፈት አስተማሪው ሊመዘን ሲጠራ አስቸኳይ ስብሰባ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀረበለት። ማለፌን ለማንም አልነገርኩም። ምን ብዬ?

ሰኔ ላይ ግምገማ ተጠራ። መምህሩም፣ ዘበኛውም፣ ስቶር ኪፐሩም አዳራሽ ውስጥ ነን። ዲኑ ከወረቀት አነበበ። በኮምፒውተር ዘርፍ ውጤቱ ዝቅ ያለው በአሰልጣኝ የአመለካከት ችግር ነው አለ። ቀጠለና፣ «ስልጠናን ከግቢ አውጥታ ወደ ነጋዴ ሱቅ የወሰደች አሰልጣኝ አለች። ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ነው። ግለ ሂስ ታድርግ» አለ።

አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ተነሳሁ። ቤት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አልታወሰኝም።

«ግለ ሂስ አላደርግም» አልኩ። «ስምንት ወር በጠመኔ አስተማርኩ። እቃው ስቶር ነበር። ስልጠናው ሲመጣ የማያስተምር ሰው ተላከ። ነጋዴ ያሉት ሰውዬ ካላስተማሩን ዘጠኝ ሰው እንኳ አያልፍም ነበር። ያለፉት ዘጠኙም እዚያ ሱቅ የተማሩ ናቸው። አራቱ ደግሞ ሳይፈተኑ ወደቁ። ይህን ማን ነው የሚሄሰው?»

ድምጼ ተሰብሯል፤ ያለቀስኩ የመሰላቸው ነበሩ። አላለቀስኩም።

ዲኑ አልተቆጣም። ዝግ ብሎ፣ «እቃው ስቶር እንዳለ ካወቅሽ ለምን አልጠየቅሽም?» አለ።

«ጠይቄአለሁ። ሰባት ጊዜ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

ኮፒ አልያዝኩም ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ አስረክቤ ባዶ እጄን ነው የወጣሁት። እንደዚያ ቀን የሞኝነት ስሜት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። ስቶር ኪፐሩ ተነስተዋል።

«እኔ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም» አሉ። «ማስረጃ ከተባለ ግን እኔ ጋ ነው።» ብብታቸው ስር የያዙትን አቃፊ ከፈቱ። ሰባቱን ደብዳቤ በተራ አነበቡ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ለዲን ጽህፈት ቤት የመሩበትን ቀን፣ የተቀበለውን ሰው ፊርማ። አንዱንም አላሳጠሩም። ሰባተኛውን ጨርሰው አቃፊውን ዘጉና ተቀመጡ። በልቤ ስረግማቸው የከረምኩት ሰው እኚህ ነበሩ።

ዲኑ ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሰው ዞሮ፣ «የአሰራር ክፍተት እንደነበረ ይያዝ» አለ።

ያ ብቻ። አራት ኮምፒውተር፣ አራት ሰው፣ ስምንት ወር፤ የአሰራር ክፍተት።

ሐምሌ ላይ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። «ካላት የላቀ ልምድ አንጻር» ወደ ቦምቤ ሄጄ ለወረዳው ሰራተኞች መሰረታዊ ኮምፒውተር እንዳሰለጥን ይላል። ደረጃ አራት ያለፍኩት ሰው ማውስ አያያዝ ላስተምር። የደረጃ ሶስት ክፍሌ ለማን እንደተሰጠ መገመት አያስቸግርም። ስቶር ኪፐሩ ጡረታ ወጡ፤ ልሰናበታቸው ስሄድ «ከአሁን በኋላ ኮፒ ያዢ» ብቻ አሉኝ።

ቦምቤ ሄጄ ሰራሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አስራ አራት ሰራተኛ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ንዴቴ እነሱ ላይ እንዳያርፍ ብዙ እጠነቀቅ ነበር፤ አንዳንዴም አልተሳካልኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶዶ ወጥቼ ሃጂ ጓዳ እቀመጣለሁ። እሳቸው አዲስ ስዊች ገዝተው ነበር፤ ካርቶኑን እኔ እንድከፍተው ሳምንት ሙሉ አቆይተውልኛል።

የአራቱን ሰልጣኞች ቅሬታ አብረን ጻፍን። በዚህኛው ኮፒ ያዝኩ። ደብዳቤው ከኮሌጁ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ተመልሶ ወደ ኮሌጁ ሲመላለስ አምስት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ሀዋሳ ሄደው እንዲመዘኑ ተፈቀደ፤ ሶስቱ ሄዱ፣ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ቀረ። የዲምቱዋ ሴት ሌሎቹ ሽቦ ሲልጡ እሷ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ እንደተቀመጠች አብሯት የሄደው ነገረኝ። ብቁ ተባለች።

ግን ዲምቱ ላይ የስራ ማስታወቂያው ሐምሌ ወጥቶ ነሐሴ ተዘግቷል። መደቡ ተይዟል። ወረቀቱን ይዛ ወደዚያው ቢሮ ተመለሰች፤ ወደ መጥረጊያው። አንድ ዓመት ሙሉ የሞተውን ኮምፒውተር አቧራ እየጠረገች ቴክኒሺያን ተብሎ የተቀጠረው ሰው ከሶዶ ሌላ ቴክኒሺያን ሲጠራ ታይ ነበር። ዲኑ በዚያው ዓመት አድጎ ዞን ገባ።

ከሶስት ዓመት በኋላ በዲምቱ በኩል ሳልፍ ከሚኒባሱ ወረድኩ። ጽዳቱን ትታ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተሰራች ጠባብ ቤት ተከራይታ ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች። ጠረጴዛዋ ላይ የመንግስት ንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር።

«የወረዳው ነው?» አልኳት።

«አዎ። ተቸገሩ፣ አመጡት።»

«አንቺም ትሰሪላቸዋለሽ?»

«ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ?» አለች። በርጩማ ጠርጋ ሰጠችኝ፤ ከጎን ካለው ቤት ሻይ አስመጣች። ሴት ልጇ አስረኛ ክፍል መድረሷን፣ እናቷ መሞቷን ነገረችኝ። እኔም ያልነገርኳትን ነገር ነገርኳት። ያን ጠዋት በሩ ላይ እንደነበርኩ፣ ስለ ቀይዋ መቀየሪያ አውቄ እንደተናገርኩ፣ ሂጂ ሲለኝ እንደሄድኩ።

ስራዋን አላቋረጠችም። ብሎን ፈታች፤ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ብትገቢ ያባርሩሽ ነበር» አለች።

«እንዲያም ሆኖ አባረሩኝ።»

«እንግዲያው መግባት ነበረብሽ» አለች፤ ያለ ክፋት፣ ኬብል ሲሰራ የተሳሳተ ሰው እንደምታርም።

ስለ ዲኑ ላወራት አስቤ የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ሻዬን ጠጣሁ። አንዲት ሴት ውሃ የገባበት ስልክ ይዛ ስትመጣ ቦታዬን ለቀቅሁላትና የሶዶን ሚኒባስ ለመጠበቅ ወደ መንገዱ ወጣሁ።